ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፦ የግንፍሌና የቀበና ወንዝ ዳር ሰፈሮች ጉዳይ

ነሐሴ 11 ቀን 2013 አዲስ አበባ ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ የሰባት ሰው ሕይወት ይዞ ሄደ። ሳምንት ሙሉ የዘነበ አልነበረም፤ የአንድ ቀን ዝናብ ነው። ለብዙው የከተማ ሰው የዕለቱ ችግር ታክሲ መጥፋቱና ጫማ መበስበሱ ነበር። በየወንዙና በየቦዩ ዳር ለሚኖረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ሰማዩ ሲጠቁር ጃንጥላ አይፈልግም፤ ልጆቹን ይቆጥራል።

እዚህ የምናየው የከተማዋን መሐል አንድ ጥግ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ በግንፍሌና በቀበና ወንዞች ዳር ተጠጋግተው ያደጉትን ሰፈሮች። ዛሬ ከቤቶቹ ብዙዎቹ የሉም። ፈርሰው ቦታው አረንጓዴ ሆኗል፣ ወይም እየሆነ ነው። ጉዳዩን ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ሰው ወንዝ ዳር እንዴት እንደደረሰ፣ ውሃው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግና ሲነሳ ምን እንደሚያጣ በአንድ ቦታ ያሳያል።

ባሕር የሌለበት ቆላ

የአየር ንብረት ለውጥና ዝቅተኛ ቦታ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ባሕር ይሄዳል። ባንግላዴሽ፣ የፓሲፊክ ደሴቶች፣ በ2011 በኢዳይ አውሎ ነፋስ የተመታችው የሞዛምቢክ ከተማ ቤይራ። ትክክልም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። በዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 680 ሚሊዮን ነበር፤ በ2050 ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል ተብሎ ይጠበቃል።

እኛስ? አዲስ አበባ መሐል ላይ ቆመን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ነን። ባሕሩ ምንም ያህል ቢነሳ አይደርስብንም። የእኛ ወንዞች እንኳ ባሕር አያዩም። ግንፍሌ ቀበና ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽም ጂቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ግን ዝቅ ማለት በባሕር ብቻ አይለካም። በጎረቤትም ይለካል። ከበላይ ያለው ጣሪያ፣ አስፋልትና ቱቦ ውሃውን ወዴት ነው የሚልከው? ወደ እርስዎ በር ከሆነ፣ ደጋ ላይ ተቀምጠውም ቆላ ነዎት። ከባሕር ዳሩ ድሃ ጋር የሚያመሳስለን ይኸው ነው፤ እዚያም እዚህም ዝቅ ያለው መሬት ርካሽ ነው፣ ርካሹ መሬት ላይ ደግሞ ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው።

አሥር ኪሎ ሜትር ቁልቁል

እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ መስቀል አደባባይ ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያች አጭር መንገድ መሬቱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ እላይ የዘነበው ውሃ ታች ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። አንዳንዴ ጎርፉ የሚመጣው ታች ፀሐይ እያለ ነው። አራት ኪሎ ላይ ሰው ቡና እየጠጣ፣ ግንፍሌ ላይ ወንዙ ቀለሙን ይቀይራል።

የከተማዋ ዝናብ በዓመት ከ1 ሺህ 100 እስከ 1 ሺህ 200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። ይህ ድሮም የነበረ ነው። እንግዲህ ምን ተቀየረ?

ሁለት ነገር። አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከመሬት።

ከሰማይ እንጀምር። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መያዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረችው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ሞቃ ነበር። ይህ ማለት የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ባይጨምር እንኳ በአንዴ የሚወርደው ሊከብድ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሶማሌ ክልልን፣ ኬንያንና ሶማሊያን ያጥለቀለቀውን ዝናብ የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ የዓለም መሞቅ ዝናቡን እስከ እጥፍ ሳያከብደው አልቀረም ብለዋል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት መዛባትም የራሱ ድርሻ ነበረው። በእርግጥ ያ የቆላውና የሌላ ወቅት ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን በዶፍ በመታ ቁጥር «ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ» ማለት አይቻልም። እንዲህ የሚለው ሰው፣ ቱቦው በፌስታል ለተደፈነበት ባለሥልጣን ጥሩ ሰበብ እየሰጠው ነው።

ወደ መሬቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የወረደበት መቶ ካሬ ጣሪያ 3 ሺህ ሊትር ውሃ ያፈስሳል። አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። ያው ዝናብ በአንድ ሄክታር አስፋልት ላይ ሲወርድ 300 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ቢሆን ሠላሳ ቦቴ። ድሮ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ሣሩ፣ አፈሩና የጓሮው መሬት ይጠጣው ነበር። አሁን ግቢው ሴራሚክ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ነው፣ ዳገቱ ቤት በቤት ሆኗል። ውሃው የሚሰርግበት የለውም። የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ብዙ አያግዝም፤ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። የወንዙ ውሃ ቡና የመሰለው ለዚህ ነው።

መሐል ላይ ያለው ቱቦ ደግሞ ሃይላንድና ፌስታል ጎርሷል። ቱቦው ሲጎርስ ውሃው መንገዱን ይይዛል፤ መንገዱ ደግሞ ወደ ታች ነው።

ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው የጎርፉ ፈጣሪ አይደለም። የጎርፉ ተቀባይ ነው። ይህን የምለው እሱም ቆሻሻውን ወንዙ ውስጥ አይጥልም ለማለት አይደለም፤ ይጥላል። ግን ከአሥር ሺህ ጣሪያ የወረደ ውሃና ከአንድ ጎጆ የወጣ ቆሻሻ እኩል አይመዘኑም።

ሰው ለምን እዚያ ተቀመጠ?

«ወንዝ አፍ ላይ ቤት ሠርቶ ጎርፍ ወሰደኝ ማለት ምንድን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው አጉል አይደለም። መልሱ ግን ረዘም ይላል።

በ1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ መሬትን የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤቶችንም ወረሰ። ኪራያቸው አነስ ያሉት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ኪራዩ በአሁኑ ገበያ የሻይ ዋጋ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በምላሹ ግን ተከራዩ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ እንደልቡ አያፈርስም፣ አይሠራም። ጭቃ ግድግዳው በየክረምቱ ይበሰብሳል፣ በየበጋው ይለጠፋል። ቀበሌው አያድሰው፣ ተከራዩ አፍርሶ አይሠራው። አርባና ሃምሳ ዓመት እንዲህ ቆየ። ቤተሰቡ ሲበዛ ደግሞ ወደ ወንዙ በኩል አንድ ክፍል ትቀጠላለች፤ በቆርቆሮ። ልጁ ሲያገባ ሌላ አንድ። የመጨረሻዋ ክፍል ገደሉ ጫፍ ላይ ናት። እሷም ለደባል ትከራያለች።

ዋናው ምክንያት ግን ሥራ ነው። ግንፍሌ የሚኖር ሰው አራት ኪሎም ፒያሳም ካዛንቺስም በእግሩ ነው የሚደርሰው። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ሊስትሮ፣ ጥበቃ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ እናት፣ ከዕለት ገቢያቸው ላይ የታክሲ ቢቀነስ የሚተርፋቸው የለም። ወንዙ ይሸታል፣ ክረምት ያስፈራል፤ ግን ከሥራ ቦታ ጋር ያገናኛል። በዚህ ሒሳብ ካየነው ያለ ማስተዋል የተቀመጠ ሰው የለም።

ሊጡን ላንሳ

ክረምት ሊገባ ሲል ሰፈሩ የራሱን ዝግጅት ይጀምራል። የበሩ ደፍ በሲሚንቶ ከፍ ይላል። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ወንዙ በሚገፋው በኩል ይደረደራል። የአልጋው እግር ብሎኬት ላይ ይወጣል። መታወቂያ፣ የቤት ውል፣ የልጆች ሰርተፍኬት በፌስታል ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ዘይትና ጤፍ ከመሬት ይነሳል። ይህንን የሚያዝ ማንም የለም፤ ሴቶቹ ናቸው የሚያስቡት።

ማስጠንቀቂያውም የራሳቸው ነው። የቆዩት ሰዎች ወንዙን በጆሯቸው ነው የሚያውቁት። ውሃው ሲጨምር መጀመሪያ ድምፁ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ከሥር ድንጋይ እየተንከባለለ መጋጨት ይጀምራል። ድንጋዩ ከተሰማ ጊዜ የለም። ያኔ የሰፈሩ ልጆች በር በበር ይሮጣሉ።

«እማማ፣ ይውጡ! ሞልቷል!»

«ቆይ ልጄ፣ ሊጡን ላንሳ።»

«ይተዉት እማማ! ኋላ እናመጣዋለን!»

ከውጭ ለሚያይ ግትርነት ይመስላል። ሰው ነፍሱን ትቶ ሊጥ? ግን እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ ሴት ያ ሊጥ የሦስት ቀን ሥራ ነው። በዱቤ የተወሰደ ጤፍ ነው። ነገ ጠዋት ለሆቴሉ መድረስ ያለበት እንጀራ ነው። ሊጡ ከሄደ ደንበኛው ሌላ ጋ ይገዛል፣ ዱቤው ይቀራል፣ እቁቡ ይቋረጣል። በጉዳት ግምገማ ቅጽ ላይ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን ይመዘገባል። ሊጥ የሚል ሣጥን አላየሁም። ድሃው ከጎርፍ በኋላ ቶሎ የማይነሳው ግን ፍራሹ ስለረጠበ ሳይሆን መነገጃው ስለሄደ ነው።

ውሃው ጎደል ሲል ሌላ ጣጣ ይተካል። ከወንዙ ጋር የመጣው አፈር ብቻ አይደለም። በየዳሩ ያለው መጸዳጃ ቤት ወደ ወንዙ ነው የሚለቀው፣ ሲሞላም ጉድጓዱ ይገነፍላል። ያ ሁሉ ምድጃው ላይ ይገባል። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ውስጥ ሲዛመት የተጨነቅንበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት በሌለበት ሰፈር የጎርፉ ጉዳት ውሃው ሲሄድ አያበቃም። ልጅ ይታመማል፣ እናት ሥራ ትቀራለች፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል።

እሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ሲደወልለት ይመጣል። መኪናው ግን በዚያ መተላለፊያ አይገባም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ገመድ የሚጥለው፣ አሮጊት በጀርባው የሚያወጣው እሱ ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ ብርድ ልብስ የሚያዋጣው እድሩ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ወንዙ ሲለማ

የካቲት 2011 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት አስተዋወቁ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ነበር ዕቅዱ፤ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተገመተ። ግንቦት 11 ቀን 2011 በቤተ መንግሥት «ገበታ ለሸገር» ተዘጋጀ፤ አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ወዳጅነት ፓርክ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ መናፈሻ ያለው የቀበና ወንዝ ዳርቻም ተራው ደረሰው።

ፍርዱን ቀጥታ ልናገር። ከወንዝ አፍ ሰው ማንሳት ትክክል ነው። ቤቱ ባለበት ቦታ ጎርፉን የሚያስቆም ግንብ የለም። ጋቢዮን፣ በሽቦ ታስሮ የተደረደረ ድንጋይ፣ በየቦታው ተሠርቶ ነበር፤ አንዱን ቤት ሲያድን ውሃውን ወደ ማዶው ገፍቶ ሌላውን ያስበላል። ወንዙ መስፋት ሲፈልግ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። ዳሩ ሣርና ዛፍ ሲሆን ነሐሴ ላይ ቢሞላ የሚወስደው አግዳሚ ወንበር እንጂ ሕፃን አይደለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የወንዙን መንገድ ሰው ስለሰፈረበት ጭምር ነው። ያንን የሚያስታውስ ሰው ወንዝ ዳር ያለ ቤት ይቆይ አይልም።

ጥያቄው ማንሳቱ ላይ ሳይሆን አነሳሱ ላይ ነው። ለቀበሌ ተከራዩ ምርጫ ተሰጥቷል፤ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ከፍሎ የሚገዛው ኮንዶሚኒየም። ጥሩ። ቅድመ ክፍያ የሌለው ሰው ግን ሁለት ምርጫ የለውም፣ አንድ ነው ያለው። ገደሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየው ደባል ደግሞ ከነጭራሹ ውል የለውም። ከሁሉም በላይ ለጎርፉ የተጋለጠው እሱ ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውም እሱ ነው። ይህ ሰው የትም አልጠፋም። ሌላ ወንዝ ዳር፣ ሌላ ርካሽ ክፍል ፈልጎ ይገባል። ሥጋቱ አልተወገደም፤ አድራሻ ቀየረ።

ምትክ ቤት ያገኘውም ቢሆን ሒሳቡን እንደገና ነው የሚሠራው። ካዛንቺስ ሲነሳ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄዷል፤ ከተማዋ ደቡብ ጫፍ ላይ። ቤቱ የተሻለ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ክረምት ሲመጣ ሰው ተኝቶ ያድራል። ይህንን ማጣጣል ነውር ነው። ግን ልብስ ታጥብ የነበረችው ሴት ደንበኞቿ መሐል ከተማ ናቸው። የታክሲው ወጪ ደርሶ መልስ ነው፣ በየቀኑ። እድሩም ተበታተነ። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ የካ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ። ሠላሳ ዓመት መዋጮ የከፈለች እናት ብትሞት ማን ነው ድንኳን የሚተክለው? መዝገቡ አለ፣ ሰሐኑና ድስቱ አለ፣ ሰዉ ግን የለም። ከጎርፍ ያወጣቸው የነበረው ጎረቤት ነበር ብለናል። ያ ጎረቤት አብሮ ሊነሳ ይችል ነበር። አንድን መተላለፊያ ከነእድሩ ወደ አንድ ብሎክ ማስገባት ከዕጣ ማውጣት የበለጠ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስም ዝርዝሩን በእድር አደራጅቶ ማውጣት ብቻ ነው።

ውሃውስ?

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ሰዎቹ ተነሱ፣ ፓርኩ ተሠራ። ውሃው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ጨምሯል። ከላይ ያለው ዳገት መገንባቱን አላቆመም። የሰፋው መንገድ ተጨማሪ አስፋልት ነው፣ የሰፋው ቱቦ ውሃውን ቶሎ ይወስደዋል። ቶሎ የሄደ ውሃ ደግሞ ቶሎ የሆነ ቦታ ይደርሳል። መሐል ከተማ ላይ ካልቆመ አቃቂ ነው የሚቆመው፤ ከተማዋ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ዝቅ በምትልበት፣ ወንዞቹ ሁሉ በሚሰበሰቡበት። መሐሉን አድርቀን የታችኛውን ጎረቤት ካረጠብን ከጥንቱ ምን ለየን?

ሥራው ያለው ከላይ ነው። እንጦጦና የካ ተራራ ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ መተካት፣ ከሥሩ ሣር እንዲይዝ ማድረግ፣ ቁልቁል የሚሮጠውን ውሃ እርከንና ትንንሽ ግድብ ላይ ማዘግየት። አረንጓዴ ዐሻራ ከ2011 ጀምሮ ችግኝ በሚሊዮን ሲቆጥር ነው የኖረው፤ ለግንፍሌ የሚጠቅመው ግን ዳገቱ ላይ የጸደቀው ነው። አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድ «የጣሪያህን ውሃ የት ታደርገዋለህ?» ብሎ መጠየቅም አለ። ከተማው በፈረቃ ውሃ እየጠበቀ፣ እያንዳንዱ ጣሪያ በአንድ ዝናብ ሮቶ ሙሉ ውሃ ጎዳና ላይ መድፋቱ ለእኔ እስከ ዛሬ ግራ ነው። ቢጠራቀም ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት እንኳ ያገለግላል፤ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ሰዓት ወንዙ ላይ አይወርድበትም።

ፓርኮቹም ቢሆኑ ሲሠሩ ውሃ እንዲቀበሉ ሊደረጉ ይችላሉ። ሴራሚክ መራመጃና ፏፏቴ ያምራል። ዝቅ ተደርጎ የተተወ የሣር ሜዳ ደግሞ በጋ ላይ ልጅ ይጫወትበታል፣ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ያድርበታል። የቀበና ዳርቻ ላይም ገና ያልተሠራ ቦታ ካለ ይህን ማስተካከል ይቻላል።

እስከዚያው ወንዝ ዳር የቀረው ሰው አለ፤ ከቀበና በላይም፣ በሌሎቹ ትንንሽ ወንዞች ላይም። ለእነሱ ትልቁን ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም። ግንቦት ሳያልቅ ቱቦ መጥረግ፣ የወጣውን ደለል እዚያው ዳሩ ላይ ከምሮ አለመሄድ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋልና። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ ሲተነብይ መረጃው በቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን በእድር ሰብሳቢው ስልክ እንዲደርስ ማድረግ። እላይ እንጦጦ ሥር ያለ አንድ ሰው «እዚህ ዶፍ ነው» ብሎ ግንፍሌ ላለው ቢደውል፣ ድንጋዩ መንከባለል ሳይጀምር ጥቂት ደቂቃ ይገኛል። በጥቂት ደቂቃ ልጆቹ ይወጣሉ። ሊጡም ይነሳል።